የእትዬ ፀሐይ ነጠላ

ባለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገባ ሰው ካለ፣ ንጋቷ አገጩን ይዛ አንገቱን አቅንታዋለች። ማጋነን አይደለም። በሁለት ጣቷ ያዝ ታደርግና «ቀና በል፤ ወደ መስኮቱ፤ አሁን አትተንፍስ» ትላለች፤ የተባለውም ሰው አይተነፍስም። ሙሽራ ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን። ቄስ አዛለች፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አዛለች፣ ሊመርቁ የተነሱ ሽማግሌን «አንዴ ይቀመጡና እንደገና ይነሱልኝ» ብላ አስቀምጣ አስነስታለች። ካሜራ ከያዘች ልመና የሚባል ነገር ከአፏ አይወጣም። የሚቀየማት ግን የለም፤ ፎቶው ሲደርሰው ሁሉም ሰው ራሱን ከጠበቀው በላይ አምሮበት ያገኘዋል።

ባለፈው ዓመት ይህችው ሴት ካሜራዋን በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው። ሥራ ጠልታ አይደለም፤ የተሻለ ያለችውን ነገር አግኝታ ነው። ከብርድ ልብስ መሸጫው በላይ ባለችው አንድ ክፍል ስቱዲዮዋ ውስጥ ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ ጥላ ሦስት ወር ሙሉ ከኢንተርኔት ስትማር ከረመች። የተማረችው በጽሑፍ የነገሩትን ነገር ቪዲዮ አድርጎ በሚያመጣ ኤአይ መሥራትን ነው። «ጭጋግ የወረደበት ተራራ፣ በቅሎ ላይ የተቀመጠች ሙሽራ» ብለው ይጽፉለታል፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ ተራራውና በቅሎዋ ከነሙሽራይቱ ብቅ ይላሉ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ መጀመሪያ ብቅ ያሉት ነገሮች ሰው ፊት የሚቀርቡ አልነበሩም። አንኮበር ብላ ስትጽፍለት አሸዋና የቴምር ዛፍ አመጣላት። ደጋ ነው ብላ ስታርመው ጣሪያው ላይ በረዶ የተቆለለበት የፈረንጅ መንደር አመጣ። ማሲንቆ ስትለው ለአዝማሪው ባለ አራት ክር ነገር አስታቀፈው፤ የማሲንቆ ክር አንድ መሆኑን ለማስረዳት ሳምንት ፈጀባት። ሰዎቹ ስድስት ጣት ያበቅላሉ፣ በቅሎዋ አንዳንድ ቀን በአምስት እግር ትሄዳለች። ንጋቷ ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ የምትሰጥ አይደለችም። ማሽኑንም እንደ ሙሽራ አገጩን ይዛ አቀናችው። ኢንተርኔት ላይ ያስተማራት ሰው ተጠንቀቁባቸው ያላቸውን ነገሮች በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ ጣት፣ ጥርስ፣ ዓይን፣ ጥላ፣ የእንስሳ እግር። ያንን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሳታረጋግጥ ከእጇ የሚወጣ ሥራ አልነበረም። በስድስት ወር ሦስት ክሊፕ ሠርታ ሦስቱም ሲወደዱላት፣ ከእንግዲህ ከወንበሬ ሳልነሳ አገር ምድሩን አዞራችኋለሁ ማለት ጀመረች። ደግሞም ታዞራለች፤ ጉራ ብቻ አልነበረም።

ፍቅረ ማርያም ወደ ስቱዲዮዋ የመጣው ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። የአንኮበር ልጅ ነው፤ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ ከፈረቃ ሲወጣ ይዘፍናል። ድምፁን ከተማው ገና አልሰማውም እንጂ ጥሩ ድምፅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ ሰላም የምትባል ልጅ አጭቶ፣ ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ አንኮበር እናቱ ቤት ተቆርጦ ነበር። ለራሱ ሰርግ ራሱ ዘፈን አውጥቶ አስቀድቷል። የሚፈልገው ክሊፑን ነው፤ ዳሱ ውስጥ አንሶላ ተወጥሮ ለእንግዳ እንዲታይ።

ዘፈኑን ሲከፍትላት ንጋቷ ለሙሽራይቱ የተገጠመ መስሏት ነበር። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ግን ለእናት መሆኑ ገባት። ልጇ ሊዳር ነውና ተነስታ ጭፈራውን እንድትመራ እናቱን የሚማጸን ዘፈን ነው። ንጋቷ እንደገና ከመጀመሪያው አስከፈተችው።

ከዚያ ስልኩን ከፍቶ አንድ ፎቶ አሳያት። እናቱ ወይዘሮ ፀሐይ በራቸው ላይ ቆመዋል። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ የነጠላቸው ጥለት አንገታቸው ሥር ተጠምጥሟል፤ አፋቸው ገጥሟል። ታሪኩን ፍቅረ ማርያም በአጭሩ ነገራት። ታላቅ ወንድሙ ቃለ አብ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከደብረ ሲና በታች ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገለበጠበትና ሞተ። ለሰርጉ ዳስ የተቆረጠው እንጨት ለለቅሶው ድንኳን ዋለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቱ ጥቁሩን አላወለቁም።

እንደ አገሩ ወግ ሐዘንተኛ ጥቁሩን በገዛ እጁ አያወልቅም፤ ዘመድና ሽማግሌ አዲስ ልብስ ይዞ መጥቶ ለምኖ ያስወልቀዋል። ለወይዘሮ ፀሐይም በየዓመቱ መጥተውላቸዋል፤ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ አብልተው አጠጥተው፣ መርቀው፣ ልብሱን ከነመጠቅለያው መልሰዋል። ለዚህኛው ሰርግ ደግሞ የተናገሩት ቁርጥ ያለ ነው። ድግሱን እደግሳለሁ፣ ከዳሱ ኋላ እቆማለሁ፤ የወላጅ ወንበር ላይ አልቀመጥም፣ ከነጥቁሬ ሙሽራ ጉልበቴን አይስምም፤ አጎትህ ይቀመጥልህ አሉት።

«አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ መልኩንም አላስታውስ» አለ ፍቅረ ማርያም። «እሷም ከኋላ ከቆመች ማነው የሚድረኝ?»

ይህ የንጋቷን አንጀት በላው። የልጁ ሐሳብ ቀላል ነበር። ቢያንስ ክሊፑ ላይ እናቱ ነጭ ለብሳ፣ ስቃ፣ በሴቶች መሃል ስትጨፍር ትታይ፤ ራሷን እንዲያ ስታይ ምናልባት ልቧ ይራራ ይሆናል። ምናልባት የምትለው ቃል ግን ለንጋቷ አልተዋጠላትም። ብድግ ብላ፣ ታች ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሰዎች ሳይቀሩ እስኪሰሙ ድረስ፣ አፏን ሞልታ ተናገረች።

«እናትህ ይህንን አይታ ጥቁሩን ካላወለቀች፣ እኔ ንጋቷ ሁለተኛ የሰው ሰርግ አልሠራም።»

ፍቅረ ማርያም ያን ቃል እንደ መሐላ ይዞት ሄደ። እናትየውን ጠይቀሃቸዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በሁለቱም ራስ ውስጥ ዝር አላለም።

ንጋቷ አሥራ አንድ ቀን ሠራች። ፎቶውን ለማሽኑ ሰጠችና ይህችን ሴት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ አልብስ፣ አስቃት፣ በባህል ልብስ በደመቁ ሴቶች መሃል አስጨፍራት አለችው። የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች ጣለቻቸው። አንደኛው ላይ እናትየዋ የሃያ ዓመት ልጅ ሆነው መጡ፤ ሌላኛው ላይ ከልጃቸው በቁመት በለጡ። ስምንተኛው ቀን ላይ ግን ማሽኑ እጁን ሰጠ። ጭጋጉ ከገደሉ አፋፍ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ በቅሎዋ በአራት እግሯ፣ አዎ በአራት፣ ዳገቱን ትወጣለች፤ ሴቶቹ እልል እያሉ ክብ ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ወይዘሮ ፀሐይ ትከሻቸውን እየሰበቁ ይስቃሉ። ንጋቷ ከወንበሯ ተነሥታ ብቻዋን አጨበጨበች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች አመሳከረች። ጣት ደህና፣ ጥርስ ደህና፣ ዓይን ደህና፣ ጥላ ደህና፣ እግር ደህና። አንድም የሚያስነቅፍ ነገር አጣችበት።

ፍቅረ ማርያም ሦስት ጊዜ አየው፤ ሦስተኛው ላይ እንባው መጣ። እናቱ ስትስቅ ምን እንደምትመስል ረስቶት እንደነበረ ነገራት። ንጋቷም አይዞህ ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፤ ደስታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

በፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ፣ ጧት፣ ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከትተው ሁለቱ በሚኒባስ ወደ አንኮበር ተጓዙ። ንጋቷ መንገዱን ሁሉ ስታወራ ነው የሄደችው። ክሊፑ ካለቀ በኋላ እናትየው ምን እንደሚሉ፣ እሷ ደግሞ ምን ብላ እንደምትመልስ ሳይቀር አዘጋጅታ ነበር። ፍቅረ ማርያም እየሰማ ይስቅ ነበር፤ ከሳምንታት ወዲህ እንዲህ ቀሎት አያውቅም።

የእናቱ ቤት ከገደሉ አፋፍ ብዙም አይርቅም፤ ከጓሮው ሆነው ሲያዩ ቆላው እስከ ሰማዩ ጥግ ተዘርግቶ ይታያል። ወይዘሮ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ለሰርጉ ጠላ የሚሆነውን ብቅል ፀሐይ ላይ ያሰጡ ነበር። ዳሱ ገና እንጨቱ ብቻ ቆሟል። እትዬ ፀሐይ እንግዳቸውን ሦስት ጊዜ ስመው አስገቡ፣ የፋሲካውን ዳቦ ቆረሱ፣ ስለ ብርዱ ጠየቁ፣ የደብረ ብርሃንን ሰው ጠየቁ። ንጋቷ ዳቦውን እየዋጠች ቸኮለች። የምናሳይዎት ነገር አለ ብላ ላፕቶፑን ሙዳዩን ከደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ ከፈተችው። እትዬ ፀሐይ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ተቀመጡ።

ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። ንጋቷ ስክሪኑን አይደለም ያየችው፤ የሴትየዋን ፊት ነው። አልተንቀሳቀሰም። የልጃቸው ድምፅ ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ብቻ ከንፈራቸው ትንሽ ተነቃነቀ። ሲያልቅ ድገሙልኝ አሉ። ደገሙላቸው። በመሃሉ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ይቺ ማናት ብለው ጠየቁ።

ፍቅረ ማርያም አንቺ ነሽ እኮ እማዬ አላቸው።

«እኔ ፍንጭት ነኝ» አሉ። «የዚህች ጥርሷ ገጥሟል። ረሳኸው?»

ፍቅረ ማርያም አንገቱን ደፋ። አራት ዓመት ጥርሳቸው አልታየውምና እውነትም ረስቶት ነበር። ንጋቷ ይህን በሁለት ደቂቃ አስተካክለዋለሁ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሴትየዋ ጣታቸውን ከራሳቸው ምስል ላይ አንሥተው ዙሪያቸውን ከበው ወደሚጨፍሩት ሴቶች ወሰዱት።

«እነዚህ ልጆችስ ማን ሞቶባቸው ነው?»

ንጋቷ ጥያቄው አልገባትም። እየጨፈሩ ነው እኮ፣ እየሳቁ ነው እኮ ብላ ልታስረዳ ጎንበስ አለች። ከዚያ አየችው። አየችውና ክው አለች።

ለደስታ ነጠላ ሲለበስ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለለቅሶ ሲሆን ተገልብጦ ወደ ላይ ወጥቶ አንገት ሥር ይጠመጠማል። ይህን የማያውቅ የአምስት ዓመት ሕፃን አንኮበር ውስጥ አይገኝም። ንጋቷ ራሷ ከአራት መቶ በላይ ሰርግ ላይ በቸልታ የተገለበጠ ነጠላ ባየች ቁጥር እንደ ነብር ዘልላ ስታስተካክል የኖረች ናት። አሁን ስክሪኑ ላይ አሥራ ሰባት ሴቶች ቆጠረች። አሥራ ሰባቱም ጥለቱን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው እልል ይላሉ። በቅሎ ላይ የተቀመጠችው ሙሽራም ጥለቷ አንገቷ ላይ ነው። ጣት ስትቆጥር፣ ጥርስ ስትመረምር፣ የበቅሎ እግር ስታሰላ ነጠላውን አላየችውም። ያንን ዝርዝር ያወጣው አስተማሪ ነጠላ ለብሶ አያውቅምና ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ፍቅረ ማርያምም ሦስት ጊዜ አይቶ አላስተዋለም፤ ለሱማ ነጠላ ማለት አራት ዓመት ሙሉ እናቱ ላይ ያየው ነው።

ልጁ ነገሩ ሲገባው ቶሎ ብሎ የማሽን ስህተት ነው እማዬ፣ ማሽን ይሳሳታል፣ ይታረማል አለ። ያች አሥራ አንድ ቀን የተሠራላት ተስፋ ዓይኑ እያየ ልትፈርስ ነው። ንጋቷም እዚያው ላይ እሺ ብላ ማለፍ ትችል ነበር። መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀችው ንግግር አንዱም አልመጣላትም። ግን ደፋር ሴት ናት፤ ድፍረቷ ደግሞ በሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በራሷም ላይ የሚሠራ ነበር።

«ማሽኑ አይደለም እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። «የእርስዎን ፎቶ ሰጠሁት። ነጠላ እንዴት እንደሚለበስ ያየው ከእርስዎ ነው። ለሁሉም እንደዚያው አለበሳቸው፤ እኔም ሳላየው አለፍኩ።»

«ከእኔ አይቶ?»

«ከእርስዎ አይቶ።»

«ለሙሽራይቱም?»

«ለሙሽራይቱም።»

ስክሪኑ ላይ በቅሎዋ እግሯን እንዳነሣች ቆማለች። ውጭ ነፋሱ የዳሱ እንጨት ሥር የተቀመጠውን ሸራ ያርገበግበዋል። ሴትየዋ ሙሽራይቱን ለረጅም ጊዜ አዩአት፤ ከዚያ እጃቸው ሳይታዘዝ ወደ ራሳቸው አንገት ሄዶ ጥለቱን ዳሰሰው።

«የለበስኩት ለራሴ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ።

እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። ቃለ አብን ብቻቸውን የቀበሩት ይመስል ሐዘኑን የእሳቸው ብቻ አድርገው አራት ዓመት መያዛቸውን፣ ይህ ልጅ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ዘፈኑን በሹክሹክታ ሲለማመድ እየሰሙ እንዳልሰሙ መሆናቸውን ቀስ እያሉ ተናገሩ። ፍቅረ ማርያም ሊያቅፋቸው ሲጠጋ በእጃቸው ቆይ አሉት። ዓይናቸውን ንጋቷ ላይ ተከሉ። የሐዘንተኛ ዓይን አልነበረም፤ አገልጋይ ሲቆጡ የሚታይ የባለቤት ዓይን ነው።

«ያንን ነጭ ቀሚስ ማነው ያለበሰኝ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ጠይቀሽኛል?»

«አልጠየቅሁዎትም።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ እየመጣ ሲለምነኝ እምቢ ብያለሁ። አንቺ ሳትጠይቂኝ አልብሰሽ አስጨፈርሽኝ። በይ እንግዲህ፣ አሁን ጠይቂኝ።»

ንጋቷ ሕይወቷን ሙሉ «ቀና በሉ፣ ዙሩ፣ ተነሱ» ስትል የኖረችበት ምላስ ተሳሰረባት። እንዴት እንደሚለመን አታውቅም ነበር ማለት ይቻላል። ከመቀመጫዋ ወርዳ ሴትየዋ እግር አጠገብ በርከክ አለች፤ ድምፅዋ ከለመደችው በታች ሆኖ ወጣ።

«እትዬ ፀሐይ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስለ ልጅዎ ብለው ጥቁሩን ላውልቅልዎት?»

እትዬ ፀሐይ ልጃቸውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ውጭ የተሰጣውን ብቅል አዩ። ከዚያ እጃቸውን ንጋቷ ትከሻ ላይ ጥለው፣ እሷን ተደግፈው ተነሡ። ከጓዳው ሳጥን ውስጥ ለቃለ አብ ሰርግ ያሰፉት ቀሚስ እንዳለና ማንም እንዳልነካው ነገሯት። ሽማግሌዎቹ ያመጡትን ልብስ የመለሱት ሌላ ልብስ ጠልተው አልነበረም፤ ያኛውን ትተው ሌላ መልበስ ልጃቸውን መካድ መስሏቸው ነው። አሁን ግን አንዱ ልጅ ያላየውን ልብስ ሌላው ይየው አሉ።

ጓዳ ገብተው ቆዩ። ፍቅረ ማርያም ደጅ ወጥቶ የዳሱን እንጨት ይዞ ቆመ፤ መቀመጥ አልቻለም። ውስጥ ንጋቷ ሳጥኑን ከፈተች፤ የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዋን መታት። ጥቁሩን ቀሚስ ከትከሻቸው ስታወርድ እትዬ ፀሐይ አንዴ ብቻ ትንፋሻቸው ተቆረጠ፤ ንጋቷ ቆማ ጠበቀች፤ ቀጥይ ሲሏት ቀጠለች። ነጩ ቀሚስ ከአራት ዓመት በኋላ ሰፍቷቸው ነበር፤ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ሰብሰብ አደረገችላቸው። ከዚያ ነጠላውን አነሣች። አረንጓዴ ጥለት ነበረው። እጇ ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ዘርግታ፣ ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ታች አውርዳ ትከሻቸው ላይ ጣለችው። ስትጨርስ እሷም እያለቀሰች እንደሆነ ገባት፤ ለምን እንደምታለቅስ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራትም።

ልጁ ሲያያቸው መሬት ላይ ወድቆ ጉልበታቸውን ያዘ፤ እሳቸውም ገና እሑድ ነው፣ ዛሬ አይደለም፣ ተነሥ ብለው ራሱን ዳበሱት።

ንጋቷ ስልኳን አወጣች። ካሜራዋ ደብረ ብርሃን ቁም ሳጥን ላይ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጨች። ገደሉን ከኋላ አድርጋ አቆመቻቸው። ብርሃኑ ከግራ ነበር፤ አገጫቸው ትንሽ ዝቅ ብሏል። ሁለቱ ጣቶቿ በልማድ ወደ አገጫቸው ሄዱ፤ መንገድ ላይ ግን ቆመው ተመለሱ።

«ላንሣዎት?» አለች።

«አንሺኝ» አሉ እትዬ ፀሐይ። «ነጠላውን በዚህ አስተካክለሽ ለልጆቹ አልብሺልኝ። ለሙሽራይቱም። እኔን ግን ከዚያ ውስጥ አውጪኝ።»

ንጋቷ ደነገጠች። ፍንጭቱን አስተካክላለሁ፣ እንዲያውም አሁን በደንብ ይመጣል ብላ መከራከር ጀመረች። ሴትየዋ አላስጨረሷትም።

«አውጪኝ ልጄ። እኔ ራሴ እገኛለሁ።»

ንጋቷ የዚያኑ ቀን ተመልሳ አራት ቀን ያለ እረፍት ሠራች። ግድግዳዋ ላይ ካለው ወረቀት ግርጌ በትልቁ «ነጠላ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ደግሞ «ተጠይቀዋል ወይ?» የሚል ጨመረች። አዲሱን ፎቶ ስትሰጠው ማሽኑ አሁንም ያየውን አለበሰ። አሥራ ሰባቱ ሴቶች ጥለታቸው ወደ ታች ወረደ፤ የሙሽራይቱም ወረደ። ከመካከላቸው እትዬ ፀሐይ የነበሩበትን ቦታ ባዶ ተወችው፤ ሴቶቹ ሰው የሚጠብቁ ይመስል ክቡን ከፍተው ይጨፍራሉ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ካሜራዋን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች፣ አቧራውን አራገፈች፣ ባትሪውን ሞላች።

እሑድ ሙሽሮቹ ከሰዓት በኋላ ዳሱ ገቡ። አንሶላው ተወጥሮ ክሊፑ ተለቀቀ፤ ሰው ሁሉ አንኮበርን በጭጋግ ሲያይ አጨበጨበ። አንዲት አክስት ምነው እናትየዋን አላስገባችኋትም ብላ ጠየቀች። የሚመልስላት ሰው አልተገኘም፤ ፍቅረ ማርያምና ሰላም እዚያ ፊት ለፊት፣ የወላጅ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ጉልበት ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። ንጋቷ ካሜራዋን ይዛ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማለች። ቀና በሉ አላለችም፤ ማንንም አላዘዘችም። እትዬ ፀሐይ የሁለቱን ራስ በየተራ ስመው ቀና ሲሉ ሳቁ፤ ፍንጭታቸው ታየ፤ ንጋቷም አነሣችው።